የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ክርስትና

ሰው መሰብሰብ ሙያዬ ነበር። ሌላዋ ትፈትላለች፣ ትሰፋለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፤ እኔ ሰው እሰበስባለሁ። በደርግ ጊዜ፣ ከሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ጥቂት ዓመት በኋላ፣ ላሊበላ ውስጥ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበርኩ። ያውም የመሪጌታ ልጅ ሆኜ። ፊደሉን ከአባቴ፣ መፈክሩን ከካድሬው ተማርኩና ሁለቱን አንድ ጉሮሮ ውስጥ አኖርኳቸው። «ኑ» ስል የማይመጣ አልነበረም።

ለምን ይመጡ እንደነበር ልንገራችሁ። የቀረች ሴት ስሟ ይጻፋል፤ ስሟ የተጻፈ ደግሞ የእርዳታ እህል ሲታደል ሰልፉ መጨረሻ ላይ ትቆማለች። ስሙን የምጽፈው እኔ ነኝ። ይህን እያወቅሁ ሰው ወዶኝ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ድንቄም መወደድ። አንዲት አራስ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እግሯ እየተብረከረከ ስብሰባ ስትገባ አይቼ «አያችሁ ንቃት ማለት ይሄ ነው» ብዬ አስጨብጭቤላታለሁ። ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ያምረኛል።

ካድሬው አምላክ የለም ይላል፣ የደብሩ ኮሚቴ አለ ይላል፤ የሰው ብዛት ላይ ግን አንድ ልብ ነበሩ። ካድሬው ከስብሰባ በኋላ የሚጠይቀኝ ስንት ሰው እንደመጣ እንጂ ምን እንደገባቸው አይደለም። የኮሚቴው ሽማግሌም ከበዓል በኋላ የሚጠይቁኝ ያንኑ ነው። ሁለቱም ሰው ሲፈልጉ እኔን ይጠራሉ፤ ሁለቱም የሚጠቀሙት በአንዱ የቀበሌ ድምፅ ማጉያ ነው። ጠዋት «ወይም ሞት» የተባለበት ከሰዓት «ንስሐ ግቡ» ይባልበታል። ባትሪው ሲደክም ሁለቱም እንደ ፍየል ነበር የሚሰሙት።

የነፍስ አባታችን ግን ብዛት አይሆንላቸውም። ቀጭን፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰው ፊት ሲቆሙ አፋቸው ይተሳሰራል። አንድ ዓመት ለጥምቀት ቃል እንዲያሰሙ ቢጋበዙ፣ ወጡና ሕዝቡን ትክ ብለው አይተው፣ «ልጆቼ፣ ብርድ ነው፣ ሕፃናቱን ወደ ቤት አስገቡ» ብለው ወረዱ። ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያውም ከሁሉ ጮክ ብዬ። የሰፈራችን ሰው የነፍስ አባት አድርጎ የያዛቸው ቁጡ ስላልሆኑና ቀኖና ሲሰጡ ስግደት ስለማያበዙ እንጂ ለእውቀታቸው አልነበረም። ይህንንም የምናወራው የረጩን ጠበል ፊታችን ላይ ሳይደርቅ ነው።

እሳቸው ማክሰኞ ማክሰኞ ቁልቁል ይወርዳሉ። በገነተ ማርያም መንገድ፣ ከከተማው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ገደል ሥር አንዲት ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ባሏን ለሚሊሺያ ወስደውት አልተመለሰም። እናቷ ሸክላ ሠሪ፣ አያቷም ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ አንዳቸውም ክርስትና አልተነሡም፣ ተነሡ ያላቸውም የለም። ምክንያቱም ቡዳ ናቸው ይባላል። ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ጋናችን የእሷ፣ እንስራችን የእሷ፣ ጠበል የምናመጣበት ማሰሮ ሳይቀር የእሷ እጅ ሥራ ነው። በእሷ ጋን የተጠመቀውን ጠላ ጠጥተን፣ አፋችንን በእጃችን ጀርባ እየጠረግን እሷን ቡዳ እንላለን። ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ ልጆቻችንን ነጠላ ውስጥ እንሸጉጣለን፤ ማሰሮዋን ልንገዛ ስንከራከር ደግሞ ዓይን ለዓይን እንተያያለን። ለክርክሩ ሲሆን ዓይኗ አይበላም።

«አባ፣ እዚያ ወርደው ምን ያስተምሯታል?» ሲባሉ፣ «ኧረ ምንም፤ ኩበት እንለቅማለን» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ሸክላ የሚተኮሰው በኩበት ነው፤ እሷ ደግሞ ባሏ ሲሄድ እርጉዝ ነበረችና ጎንበስ ማለቱ ከብዷታል። አስቡት እንግዲህ፣ ሽማግሌ ቄስ ጥምጣማቸውን እንዳሰሩ፣ መስቀላቸውን በብብታቸው ይዘው ከሜዳው ላይ የደረቀ እበት ይለቅማሉ። ሰው «የሸክላዋ ቄስ» የሚል ስም አወጣላቸው። ኮሚቴው ጠርቶ «ይህን ሁሉ ምእመን ትተው አንዲት ቡዳ ቤት መዋል ምን ይሉታል?» ቢላቸው፣ «እናንተማ ቄስ ሞልቷችኋል» ብለው ወጡ። እኔ ያኔ ይህን ስሰማ ጅል ናቸው ነው ያልኩት።

ሸክላ ሠሪዋ ሴት ልጅ ወለደች። ከሁለት ወር በኋላ የነፍስ አባታችን እንደ ልማዳቸው ጠበል ሊረጩ ቤታችን መጡ። ረጭተው፣ ደግመው፣ መስቀሉን አሳልመውኝ ሲያበቁ አልወጡም። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር» አሉኝ።

«ይዘዙ እንጂ አባ።»

«የዚያች የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሰማንያ ቀኗ እየቀረበ ነው። እናቷ አጥምቁልኝ አለች፤ በራሷ አፍ፣ እኔ ሳልነግራት። የክርስትና እናት አጣሁላት።»

እኛ ዘንድ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። የክርስትና እናት ደግሞ የግድ ናት። ሕፃኗን ከውኃው ተቀብላ የምታቅፈው፣ አፍ ላልፈታችው ልጅ ሰይጣንን ክጃለሁ የምትለው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ዘመድ ሆነች ማለት ነው፤ ቤት ለቤት መግባባት፣ አብሮ መብላት አለ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የላሊበላ ሴት ለሸክላ ሠሪዋ ታዝንላት ይሆናል፤ መዛመዱን ግን ስሙን አትጥራብኝ ነው የምትለው።

«ሌላ ሴት አልለመኑም?» አልኳቸው።

«ያገኘኋትን ሁሉ ለምኛለሁ።»

«ታዲያ እኔን እንዴት አሰቡኝ?»

«በስብሰባ ላይ ሰምቼሽ ነዋ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ቡዳ የሚባል ነገር የለም፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ የተከበሩ ናቸው ስትዪ። በዚያ በጩኸቱ ዕቃ ስትናገሪ ከቤቴ ሆኜ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ለእሷም ነገርኳት።»

አንዳች ተንኮል የለባቸውም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ያን ቀን ገባኝ። ካድሬው የሰጠኝን ወረቀት ነው ያነበብኩት፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ያምነኛል ብዬ መች አስቤ። እምቢ ብል በካድሬው ፊት ኋላ ቀር፣ በነፍስ አባቴ ፊት ውሸታም ልሆን ነው። «እሺ አባ» አልኩ። ትንሽ ቆይቼም ነገሩ እንዴት እንደሚያምርብኝ ማሰብ ጀመርኩ። ሊቀመንበሯ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ክርስትና አነሣች ሲባል በጆሮዬ ተሰማኝ። እንዲህ ነበርኩ እኔ፣ መልካም ነገር እንኳ ሳልሠራው በፊት ጭብጨባው የሚሰማኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ተከትያቸው ወረድኩ። ሸክላ ሠሪዋ እስከ ክርኗ ጭቃ ነበረች፤ ልጅቷን በጀርባዋ አዝላለች። እጇን ታጥባ፣ ቁርበት አነጠፈችልን። የገብስ ቆሎ በሸክላ ሳሕን አቀረበች። ቄሱ ዘገን አድርገው ባሏቸው ጥቂት ጥርሶች መቆርጠም ጀመሩ፤ እዚያው ቤት ያደጉ ይመስሉ ነበር። እኔም ዘገንኩ። አፌ ጋ አደረስኩት፣ መንጋጋዬን አንቀሳቀስኩት፣ ቆሎውን ግን ነጠላዬ እጥፋት ውስጥ ለቀቅሁት። ቡዳ የለም ብዬ በድምፅ ማጉያ ያወጅኩት ሴትዮ፣ የቡዳ ቆሎ ፈርቼ እንደ ሌባ ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ።

አየችኝ። አላዘነችም፣ አልተቆጣችም። ልጅቷን ከጀርባዋ አወረደችና ጡቷን እያጠባች፦

«እትዬ፣ ከውኃው ስትቀበያት በክንድሽ ታቅፊያታለሽ አይደል?» አለችኝ። «በነጠላ ጫፍ አይደለም?»

«አቅፋታለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው እሷ ትግባ። እኔ ከበር ሆኜ አያለሁ። እሷን እንዴት እንደተቀበላችኋት ካየሁ በኋላ ነው እኔ የምመጣው።»

ስንመለስ ዳገቱ መሐል ላይ ቄሱ ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሰማሽ ልጄ? አንዲት አይደለችም። ሁለት ናቸው» አሉኝ። ደስታቸው ከፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። እሳቸው ቀድመውኝ ሲሄዱ ቆሎውን ለወፍ በተንኩት።

ከዚያ የአንድ ሰባኪ ወሬ መጣ። ከደሴ ነው፣ ስመ ጥር ነው፣ የረገጠው አገር ሁሉ ሰው ያነባል ተባለ። ኮሚቴው ላይ ታች አለ። ካድሬውም ፈቀደ፤ ከበላይ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ሃይማኖት ነፃ መሆኑን ይዩ ብሎ። ጉባኤው ለማርያም ዕለት ተቆረጠ። ቀኑን ስሰማ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ማርያም ማለት የሕፃኗ ሰማንያኛ ቀን ነው። ክርስትናው በጠዋት፣ ከቅዳሴ በፊት፣ እዚያ ታች ባለችው የገጠር ቤተ ክርስቲያን። ጉባኤውም በጠዋት፣ እዚህ ላይ።

ለኮሚቴው አልተናገርኩም። «እዚያ አንዲት ጨቅላ፣ እዚህ ያ ሁሉ ሕዝብ፤ የማን ነፍስ ይበልጣል?» አልኩ ለራሴ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። የሕዝቡ ነፍስ ምኔም አልነበረም፤ የሕዝቡ ፊት እንጂ። በዕለቱ ማለዳ ወደ ታች የምትወርድ አንዲት ሴት አገኘሁና «ለአባ ንገሪልኝ፣ ክርስትናው ለሚቀጥለው እሑድ ይዛወር በያቸው» ብዬ ላክሁ። ይዛወር። የመሪጌታ ልጅ ነኝ እኮ፤ ሰማንያ ቀን እንደ ቀበሌ ስብሰባ በማስታወቂያ እንደማይዛወር ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሊቀመንበርነቱ በልቶኝ፣ ማርያምንም አጀንዳ አስመሰልኳት።

ጉባኤውን ልንገራችሁ፣ ብዙ አይደለም። ሰባኪው ረጅም፣ ድምፁ የተገራ፣ ካባው የሚያብረቀርቅ ሰው ነበር። ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ። ገና ሳይጀምር ጠራኝና በእጁ እያመለከተ «እዚህ ጋ ክፍተት አለ፣ ሙዪልኝ» አለኝ። አሮጊቶችን ከጥላ ሥር እያስነሣሁ ፀሐይ ላይ ደረደርኩለት። ሰበከ፣ ሦስት ጊዜ አለቀሰ። ሕዝቡም አለቀሰ፤ እኔም ከፊት ሆኜ አለቀስኩ። በማግስቱ ለሌላ ሰፈር ያንኑ ሲሰብክ ቆሜ ሰማሁት፤ በዚያው በሦስቱ ቦታ አለቀሰ። ያ ሁሉ ሰው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ልጅ እንደቀበረ አንድም አልጠየቀም። ሲሄድ የጠየቀኝ «ሁልጊዜ ይህን ያህል ሰው ይወጣል?» ብሎ ነው። ፎቶው በኋላ መጣ፤ ካድሬው ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከፊት አፌን ከፍቼ የማለቅሰው እኔ ነኝ።

እዚያ ታች የሆነውን ከሳምንት በኋላ እዚያው ያስቀደሱ ሴቶች ገበያ ላይ እየተሳሳቁ ነገሩኝ። ሸክላ ሠሪዋ ሳይነጋጋ መጥታ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀምጣለች። ልብሷን አጥባ፣ ልጅቷን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ። ቄሱ ውኃውን ባርከው ጠበቁ። እየወጡ መንገዱን አዩ፣ ገቡ፣ ደግሞ ወጡ። ቅዳሴው ዘገየ ተብሎ ሌሎቹ ካህናት ተቆጡ። በዚህ መሐል መልእክተኛዬ ደርሳ የላክሁትን ተናገረች። ቄሱ ያኔ ሴቶቹን አንድ በአንድ ይለምኑ ጀመር። እያንዳንዷ ነጠላዋን ሰብስባ ፈቀቅ አለች። አንዷ፣ «ሊቀመንበሯ እንኳ ቀርታ እኛ ምን ቆርጦን» አለች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ያችው ሴት ናት፤ እኔም እንድስቅላት ትጠብቃለች።

ሸክላ ሠሪዋ ይህን ሁሉ ከበር ሆና አየች። ተነሣች፣ ልጅቷን አዘለች። «አባ፣ ይበቃል፤ አይድከሙ። አየሁ» ብላ ሄደች።

የነፍስ አባታችን በወሩ እንደ ልማዳቸው ጠበል ሊረጩ መጡ። እኔ የማመካኘውን ሁሉ ሌት ተቀን አዘጋጅቼ ነበር፤ ሕዝቡ፣ ኮሚቴው፣ ትእዛዙ። አንዱንም ለመናገር ዕድል አልሰጡኝም። ሌላ ጊዜ እንደሚረጩኝ ረጩኝ፣ መስቀሉን አሳለሙኝ፣ ደፉን ሲሻገሩ ብቻ «መንገዱን ታውቂዋለሽ» አሉኝ። ቢቆጡኝ እንዴት በተሻለኝ። ስድብ በለመደ ቤት ነው ያደግሁት፤ ስድብን በስድብ እመልስ ነበር።

መንገዱን አውቀዋለሁ። የአንድ ሰዓት ተኩል ቁልቁለት ነው። አራት ዓመት አልሄድኩትም። መጀመሪያ ሐፍረት ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ሥራ በዛብኝ አልኩ፣ ከዚያ እሷ ራሷ መምጣት ትችል ነበር ማለት ጀመርኩ። ሸክላ ሠሪዋ ቅዳሜ ገበያችን መምጣት ተወች፤ ማሰሮዋን በጀርባዋ ተሸክማ እስከ ኮን ገበያ ትሄዳለች ተባለ፣ እኛን ላለማየት ያን ሁሉ አገር አቋርጣ። እኔ ደግሞ ላላያት በመቻሌ ደስ ይለኝ ነበር። እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች ይሉ የለ። ቄሱ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ይወርዳሉ። ስለ ጥምቀት ዳግመኛ አንሥተውባት አያውቁም። ኩበት ይለቅማሉ፣ ቆሎዋን ይቆረጥማሉ፣ ልጅቷን ይዘው ይውላሉ፣ ይመለሳሉ።

በደርግ መጨረሻ ላይ ካድሬው ለማንም ሳይናገር ወደ ወልድያ ሹልክ አለ። ድምፅ ማጉያውንም ይዞ ሄደ፤ ለማን ሊናገርበት እንደሆነ እንጃ። ቀበሌው ተዘጋ። እኔ ሊቀመንበር መሆኔ ቀረ፤ ያን ጊዜ ነው ሰው ለምን ይመጣልኝ እንደነበር የገባኝ፣ ምክንያቱም በማግስቱ መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ ጠፋ። በዚያው ክረምት የነፍስ አባታችን ሞቱ። ማክሰኞ ዝናብ መትቷቸው ተመልሰው፣ ሐሙስ ዐረፉ።

እኔስ ምን አደረግሁ ትላላችሁ? ሰው ሰበሰብኩ። ሙያዬ አይደል። ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በእግሬ፣ በር በር እያንኳኳሁ «አባ ሞቱ፣ ውጡ» አልኩ። ወጡ። «የሸክላዋ ቄስ» ሲሏቸው የነበሩት ደረታቸውን እየደቁ መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የኮሚቴው ሽማግሌ ተነሥተው ስለ ትሕትናቸው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ጠርተው የገሠጿቸውን አልጠቀሱም። እኔ ደግሞ፣ አፈር ልብላ፣ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል ቀና ብዬ ብዛቱን ለካሁ። ለሰባኪው ከወጣው ይበልጣል ብዬ ደስ አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ከቅጥሩ ውጭ፣ ከበሩ ትይዩ ቆማ ያየኋት። ጠቁራለች፣ ቀጥናለች። የአራት ዓመት ልጅ እጇን ይዛለች። አጠገባቸው ማንም የለም፤ ሰው ሁሉ ፈቀቅ ብሎ ባዶ መሬት ትቶላቸዋል። እግሬ ወሰደኝና አጠገባቸው ደረስኩ።

«ዛሬም ሰው ሰበሰብሽ» አለችኝ። እትዬም አላለችኝ።

ልጅቷን ከሦስት ሳምንት በኋላ አስጠመቅናት። በሁለት ክንዴ ተቀበልኳት፤ ትልቅ ልጅ ነበረች፣ ውኃው በረዳትና አንገቴን አንቃ ይዛ አለቀሰች። ማዕተቧን ሌላ ቄስ ሲያስሩላት እናቷ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር። አልገባችም። ከዚያም በኋላ አልገባችም። «እኔን የሚያስገቡኝ አንድ ሰው ነበሩ» ትላለች። እስክትሞት ድረስ ማክሰኞ ማክሰኞ ወረድኩ፣ ኩበት ለቀምኩ፣ ቆሎዋን ቆረጠምኩ። ደግ ቆሎ ነበር። እሷ ግን የመጀመሪያውን ቀን አይታ ጨርሳ ነበር። ሁለት ናቸው ያሉኝን አንዷን ብቻ ነው ያስገባሁት።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ያን የቀብር ዕለት የሆነው ነው። እናትየው «ዛሬም ሰው ሰበሰብሽ» እንዳለችኝ ነው። ልጅቷ ቀና ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«እማ፣ ይቺ ናት?» አለች።

«አባ ናቸው የነገሯት» አለችኝ እናትየው፣ ፊቷን ወደ መቃብሩ አዙራ። «ነገር ከገባት ጀምሮ ነው። የክርስትና እናትሽ ተነሥታለች፣ መንገድ ላይ ናት፣ ትመጣለች ይሏታል። ማክሰኞ በመጡ ቁጥር ደረሰች ወይ ትላቸዋለች። አልደረሰችም፣ እየመጣች ነው ይሏታል።» ከዚያ ለልጅቷ «ጠይቂያት» አለቻት።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ እግሬን አየች። አቧራ ይኑርበት አይኑርበት የምታይ ይመስለኛል። ከዚያ ቀና አለችና ጠየቀችኝ።

«መንገዱ በጣም ሩቅ ነው እንዴ?»

ከኋላዬ የሰበሰብኩት ሰው ሁሉ ቆሟል።

«አይ፣ ቅርብ ነው» አልኳት።